በቅርጫ የተከፈለው የሁሩሙ ሞተር

ምን ትሠሪ ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው «ብረት እቀባ ነበር» ነው የምለው። ብዙው ይስቃል። የጡረታ ወረቀቴ ላይ የተጻፈው «የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኛ» የሚል ነው፤ ውሸት አይደለም፣ የተቀጠርኩት ለዚያ ነው። ነገር ግን መጥረጊያ ከያዝኩበት ዘመን ሰም የነካ ጨርቅ የያዝኩበት ይበልጣል። አሁን ቤት ስውል እጄ የሚያብሰው ነገር አጥቶ የበሩን መቀርቀሪያ ሳይቀር ይወለውላል። የልጅ ልጆቼ «አያቴ፣ ይልቅ ቁጭ ብለሽ ጻፊው» አሉኝ። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ለመጻፍ ያንሳል የሚል ካለ አያንብበኝ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት የኢሉባቦሯ ቡሬ ነው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በጽዳት። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ለወንዶቹ ዘበኞች ካፖርትና ቦት ጫማ ሲታደል ለእኛ ለሴቶቹ ጃንጥላ እንኳ አልተሰጠንም። የኢሉባቦር ዝናብ ወንድና ሴት ለይቶ አይዘንብም፤ ይህንኑ ገብቼ ነገርኳቸው።

«በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል» አሉ።

«እንግዲያው እኛም የምንጠርገው በሚቀጥለው በጀት ዓመት ነው» አልኩና መጥረጊያዬን በራቸው ላይ አስደግፌ ወጣሁ።

ቦት ጫማው ብዙም ሳይቆይ መጣ። እኔም ብዙም ሳልቆይ ወደ መቱ ተዛወርኩ። ቅጣት መሆኑ ነው። ደመወዙ ያው ነበር፣ መንገዱ ግን ይሻላል፤ ስለዚህ ቀጪዎቼን አመስግኜ ዕቃዬን ጫንኩ።

መቱ የደረሰኝ ሥራ የባህል አዳራሹን መጥረግና መጠበቅ ነበር። አዳራሽ ይባላል እንጂ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ውስጡ ጋሻ፣ ቀፎ፣ የድሮ ሴቶች ጌጥ፣ የቀንድ ዋንጫ አለ። እኔ እዚያ ስገባ ኃላፊ የነበሩት ኦቦ ገመቹ ወጣት ናቸው፤ ፈጣን ተናጋሪ፣ ፈጣን ተራማጅ፣ ሪፖርት የሚወዱ። ልባቸው ጥሩ ነው። ችግራቸው ነገሩ ሁሉ ዛሬ ይለቅ ማለታቸው ነው።

ከእኔ መምጣት ብዙም ሳይርቅ የሁሩሙው ሞተር ነገር ተነሣ። ከሁሩሙ አለፍ ብሎ ጫካው ውስጥ ድሮ አንድ የጣውላ መሰንጠቂያ ነበር። ባለቤቱ የውጭ አገር ሰው፣ ትልቅ የእንፋሎት ሞተር በበሬ አስጎትቶ አስመጥቶ ኖሯል። ሞተሩ እንጨት ይነድበታል፣ ውሃ ይፈላበታል፣ እንፋሎቱ በጎኑ ያለውን ትልቅ መንኮራኩር ያዞራል፣ መንኮራኩሩ ደግሞ በቺንጋ፣ በሰፊ የቆዳ ቀበቶ ማለት ነው፣ መጋዙን ያዞራል። ግንድ የሚመላለስበት አጭር ሐዲድም ነበረው። ጭስ አለ፣ ሐዲድ አለ፤ ስለዚህ ያገሩ ሰው ሞተሩን «ባቡሩ» ይለዋል። መሰንጠቂያው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሐረግ ወርሶት ቆሞ ሳለ ቁራሌዎች ሐዲዱን እየነቀሉ መውሰድ ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ሰው ባቡሩ የእሱ መሆኑ ትዝ ያለው።

መቱ «የዞኑ ከተማ እኛ ነን፣ አዳራሽ አለን» አለ። ሁሩሙ «የቆመው በእኛ ጫካ ነው፣ የሠሩበትም የእኛ ሰዎች ናቸው» አለ። ነገሩ ወደ ጠብ ሲሄድ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ ገመድና ጀሪካን ተሸክሜ ከኦቦ ገመቹ ጋር ሄጄ ስለነበር ፍርዱን በጆሮዬ ሰማሁ። ቦይለሩ፣ ውሃው የሚፈላበት ሆዱ፣ ከነሲሊንደሩ ለመቱ። ትልቁ መንኮራኩርና ጭስ ማውጫው ለሁሩሙ። ማንም ባዶ እጁን አይገባም። ሁሉም ሰው ተመራረቀ። ወጣቶቹ በደቦ እየዘፈኑ ብሎኑን ፈቱት፣ ከፊሉን እኛ ጫንን፣ ከፊሉን እነሱ ወሰዱ። እኔ ከጭነቱ ላይ ተቀምጬ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። እኩል መካፈል ሳይ ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ።

ቦይለሩን ከአዳራሹ ጀርባ ቆርቆሮ አልብሰን አቆምነው። አንድ ዝናባማ ቀን ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌ መጡ። ስማቸው ጋሼ ተክሌ ነው። ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ በምድር ባቡር ጋራዥ ጨርሰው፣ ጡረታ ሲወጡ የሚስታቸው አገር ነው ብለው መቱ የገቡ ሰው ናቸው። ቦይለሩን ዞረው አዩት። ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩት።

«ጭንቅላቷ የት አለ?» አሉኝ።

«ጭስ ማውጫውን ነው? ሁሩሙ።»

«መንኮራኩሯስ?»

«እሱም ሁሩሙ። በሽማግሌ ተካፍለን ነው።»

አዩኝና ሳቁ። እንዲህ ያለ ሳቅ አላየሁም፤ ግድግዳ ይዘው ነው የሳቁት። «ለመሆኑ በሬ ነው እንዴ ያረዳችሁት? የዓመት በዓል ቅርጫ መሰላችሁ? ሻኛው ለመቱ፣ ታናሹ ለሁሩሙ!»

ተናደድኩ። «እኩል ነው የተካፈልነው!» አልኳቸው።

«እኩልማ ነው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ለሁለታችሁም እኩል የማይረባ ነገር ደርሷችኋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ማንም ሳይቀጥራቸው፣ ማለዳ ማለዳ መምጣት ጀመሩ። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ብረት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ሌላው ሰው የሚታጠበው ከነካ በኋላ ነው። ለምን ሲባሉ «የሰው ላብ ጨው አለው፣ ጨው ዝገት ይጠራል» ይላሉ። ኪሳቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ መዶሻ አለች። በእሷ ቦይለሩን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ ይቆረቁሩና ያዳምጣሉ። ደህናው ብረት ይጮኻል፤ የሳሳው እንደ ቅል ዱም ይላል። ዱም ያለበት ላይ በጠመኔ ክብ ይሠራሉ። ዝገት የሚለውን ቃል አይወዱም፤ «ወባ ይዟታል» ነው የሚሉት። ሻያቸው ውስጥ የሚጨምሩት ስኳር ግን ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው፤ ማንኪያው ቀጥ ብሎ የሚቆም ይመስለኛል።

እኔ መጀመሪያ ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፍቄ ላበራው ስል እጄን ያዙኝ። «ቆዳዋን አትግፈፊያት። እንድታብረቀርቅ ሳይሆን እንድትቆይ ነው የምንፈልገው።» ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅ ጠምጥሜ አሳድራለሁ፣ ጠዋት የለቀቀውን ብቻ እጠርጋለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ብረቱ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ። ከዚያ ከቀፎ የወጣ ሰም አቅልጬ፣ በነጭ ጋዝ አቅጥኜ፣ እንደ ቅባት በስሱ አለብሰዋለሁ። ካልሞቀ ብረት ላይ ሰም አይገባም፤ ወፍራም ሰም ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። በቦይለሩ ሆድ ውስጥ እርጥበቱን እንዲጠጣ በጣሳ ኖራ እናስቀምጣለን፤ ኖራው ሲፈርስ እንቀይራለን። መቱ ውስጥ ከዝናብ ጋር የሚደረግ ትግል ቀላል አይደለም፤ ግን በዓመቱ ብረቱ ጠቆር ብሎ፣ ለስላሳ ሆኖ፣ ውሃ ሲነካው እንደ ኮባ ቅጠል የሚያንሸራትት ሆነ። ሰው ሊያይ ሲመጣ እጁን እንዲታጠብ አስገድድ ነበር። አንድ ባለሥልጣንም አስታጥቤያለሁ።

ጋሼ ተክሌ ግን አላረፉም። «የኛዋ ዳነች፤ ሁሩሙ ያለው ሜዳ ላይ ነው። ጭስ ማውጫ ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ጥቂት ክረምት ከዘነበበት አለቀ። መንኮራኩሩም ዘንጉ ከተጣበቀ ሁለተኛ አይዞርም። ካልገጠምናት በሕይወት አለች አይባልም» ይሉኛል። ወጣት ሳሉ ድሬዳዋ ላይ የናፍጣው ባቡር መጥቶ የእንፋሎቶቹ ተራ ሲያልፍ አይተዋል። አንዲቱን እንኳ ስትዞር ሳያዩ መሞት አይፈልጉም። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ኦቦ ገመቹም ነገሩ ገባቸውና እንደ ልማዳቸው ዛሬውኑ ይለቅ አሉ። አይሱዙ ተከራይተን፣ ደብዳቤ ይዘን ሁሩሙ ሄድን። የሄድንበት ቀን ገበያ ነው። ይህን ማንም አላሰበበትም። ኦቦ ገመቹ ደብዳቤውን ለሕዝቡ በኦሮምኛ አነበቡ። ሕዝቡ በጨዋነት ሰማ። ጫኚዎቹ ጭስ ማውጫውን አንሥተው መኪናው ጫፍ ላይ ሲያሳርፉ ከማር ተራው በኩል አንዲት ትልቅ ሴት መጣችና መንኮራኩሩ ላይ ቁጭ አለች። አዴ ጫልቱ ትባላለች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ተከትለው ተቀመጡ።

«እኛንም አብራችሁ ጫኑን» አለች። «መቱ ምሳ የሚያበላን ካለ።»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ጮህኩባት። «አንቺ ሴትዮ፣ ተነሺ! ዝገቱ ልብስሽን ይበላዋል!»

«ይብላው! የእናቴን ትከሻ ከበላው አይበልጥ!»

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዴት እንደጀመረ አላውቅም። ከታች ያሉት ጭስ ማውጫውን ወደ መሬት ይጎትታሉ፣ መኪናው ላይ ያሉት ወደ ላይ። እኔም ወደ ላይ ከሚጎትቱት አንዷ ነኝ። ማንም አልለቀቀም። ወገቡ ላይ የበሰበሰ ነበርና ድንገት ለሁለት ተቆረጠ፤ ግማሹ ከእጃችን ወድቆ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮታኮተ።

 ጋሼ ተክሌ ከመኪናው ወርደው ተንበረከኩና ስብርባሪውን እየለቀሙ ኮፍያቸው ውስጥ አደረጉት። አንድም ሰው አልተቆጡም። ቢቆጡን ይሻል ነበር። ባዶ መኪና ይዘን በዝናብ ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ተክሌ ለብዙ ቀን አልመጡም። እኔም ብቻዬን ሚኒባስ ተሳፍሬ ሁሩሙ ሄድኩ። አዴ ጫልቱን ማሯን ስትመዝን አገኘኋት።

«ደግሞ መጣሽ? ዛሬ ምኑን ልትሰብሪ ነው?»

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እናትሽ ምን ሆና ነው?»

አየችኝ። ሚዛኑን ለጎረቤቷ ሰጠችና ተነሣች። «ነይ፣ ኮቱ» ብላ ከገበያው ኋላ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ አሳየችኝ። ቁልቁለት ነው፤ ጭቃው ያንሸራትታል።

«ባቡሩ ውሃ ይጠጣ የለ? ውሃውን ከዚህ በእንስራ እያወጡ የሚያጠጡት ሴቶች ነበሩ። አንዷ እናቴ ናት። በሩ ላይ እንስራውን ይቀበሏታል፤ ሴት ወደ ውስጥ አትገባም። ጩኸቱን ትሰማለች፣ ጭሱን ታያለች። ያጠጣችው ውሃ መንኮራኩር ሲያዞር ግን አንድም ቀን ሳታይ ሞተች።» ቆም አለች። «እናንተ ዘንድ ሰሌዳው ላይ ማን ነው የተጻፈው?»

«ሰውየው። ባለቤቱ።»

«ሌላስ?»

ሌላ ማንም የለም። ያን ሰሌዳ በየቀኑ እወለውለው ነበር።

«ማሎ፣ እንግዲያው ምን አድርጊ ትይኛለሽ?» አለችኝ። «መገጠሙን እኔም እፈልጋለሁ። እንዲገጠም ከፈለጋችሁ የናንተን አምጡ።»

እስከ መቱ ድረስ ተናድጄ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ለብቻዬ ስከራከር አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቦታ ቀየረ። በመጨረሻ ያሸነፈኝ ይኼ ነው፦ በሬ ቢካፈሉት ለሁሉም ሥጋ ነው። ሞተር ቢካፈሉት ለማንም ሞተር አይደለም። ስለዚህ አንዱ ወገን ድርሻውን መልቀቅ አለበት፤ መልቀቅ ያለበትም ውሃ ያላመላለሰው ነው። እሱ እኛ ነን።

በማግሥቱ ኦቦ ገመቹ ቢሮ ገባሁ።

«እትዬ አስካለ» አሉ ሁሉን ከሰሙ በኋላ፣ «ቦይለሩ ከሄደ እርስዎ ምን ሊጠብቁ ነው?»

«ባዶ ግቢ።»

«ቀልድ አይደለም። መደቡ ሊታጠፍ ይችላል።»

«ይታጠፍ። ትክክል ያልሆነ ነገር ስወለውል ከምኖር ቤቴ ልቀመጥ።» ይህንንም ጨመርኩ፤ «ቡሬ ምን አድርጌ እንደመጣሁ ሰምተው ይሆናል።»

«ሰምቻለሁ» አሉና ሳቅ አመለጣቸው። «መጥረጊያዎን እዚህ በር ላይ እንዳያቆሙብኝ።»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ የታገሉት እሳቸው ናቸው። «መቱ ንብረቷን አሳልፋ ሰጠች» እያሉ በየስብሰባው ሲወርዱባቸው፣ «አልሰጠንም፣ መለስን» እያሉ ቆሙ። ጊዜ ፈጀ፣ ክረምትም አለፈ፤ ግን ተፈቀደ። የእኔንም መደብ ወደ ሁሩሙ አዛወሩልኝ። ደብዳቤውን ይዤ ጋሼ ተክሌ ቤት ስሄድ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር።

«ቦይለሯ ሁሩሙ ትሄዳለች። ትገጠማለች» አልኳቸው።

ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ሁሩሙ መንገድ ዳር መጠለያ ተሠራ። አዲስ ጭስ ማውጫ የቀጠቀጠልን መቱ የብረት ሥራ ቤት ያለው ነስሩ ነው፤ የስልጤ ሰው፣ እጁ ወርቅ። አሮጌውን አስመስሎ ሠርቶ ሊያጠቁረው ሲል ጋሼ ተክሌ ከለከሉት። «አዲሱ አዲስ መሆኑ ይታይ፤ የሚያየውን ሰው አናታልል» አሉ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለሚመጣው ሰው ሁሉ የት ድረስ አሮጌ፣ ከየት ጀምሮ አዲስ እንደሆነ በጣቴ አሳይ ነበር። ሰሌዳው ላይ ደግሞ አዴ ጫልቱና ሽማግሌዎቹ ያስታወሷቸው ውሃ ቀጂዎችና ግንድ ጎታቾች ስም ተጻፈ። የሰውየውም ስም አለ፣ አልፋቅነውም፤ ግን ተራውን ጠብቆ ነው።

እሳት ከመነደዱ በፊት ቦይለሩ መፈተን ነበረበት። ጋሼ ተክሌ በውሃ ጢም አድርገው ሞልተው በእጅ ፓምፕ ግፊት ጨመሩበት። «አሁን ቢያፈስ ጫማችን ይርሳል፤ በእንፋሎት ቢያፈስ ግን ለቀብር ነው የምንሰበሰበው» አሉ። ሁለት ቱቦ አፈሰሰ፤ ነስሩ በሠራው የብረት ውታፍ ደፈኑት። ደግመው ሲሞክሩ ያዘ። የግፊት መለኪያው ላይ በቀይ ቀለም አንዲት መስመር አሠመሩ፤ ከድሮው ኃይሏ እጅግ ዝቅ ያለች። «አርጅታለች። ከዚህች አታልፍም። ብትለምኗትም አታልፍም።»

የሚነድበት ቀን ሕዝቡ ከሁሩሙ ብቻ አይደለም የመጣው፤ ከመቱም ከቡሬም መጣ። የመጀመሪያውን ውሃ ያመጡት አዴ ጫልቱና የማር ተራ ሴቶች ናቸው፣ በዚያው በእናቶቻቸው መንገድ፣ ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው። እሳቱ ተያያዘ። ጭሱ በአዲሱ ቧንቧ ሲወጣ ሰው አጨበጨበ። ውሃው ሲጎድል ሴቶቹ እንደገና ወረዱ።

መለኪያው ቀዩዋ መስመር ሲደርስ ጋሼ ተክሌ ቫልቩን ከፈቱ። ፉ…ሽ አለ። መንኮራኩሩ አልተነቃነቀም። ከሕዝቡ መሐል «አይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አትደንግጡ! ፒስተኑ ጫፍ ላይ ቆሞ ነው፤ ሰው ይግፋው!»

እኔና ኦቦ ገመቹ መንኮራኩሩን ያዝን። እሳቸው ሸሚዛቸው ነጭ ነው፤ አልተሳሱለትም። ስንገፋ ከበደ፣ ከበደ፣ ከዚያ ከእጃችን ላይ በራሱ ኃይል ሄደ። ዞረ! ምድሩ ከእግሬ ሥር ሲርገበገብ ተሰማኝ። እልልታው ጫካውን ያዘው። ጋሼ ተክሌን ዞር ብዬ ሳይ ቫልቩን እንደያዙ ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ሆኗል።

ጥቂት አስኬዷትና ቀስ አድርገው ዘጉ። መንኮራኩሩ ቆመ። ሰው እየተቃቀፈ ሳለ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው፣ በጭቃ ተለውሰው ከወንዙ ብቅ አሉ። ከፊት አዴ ጫልቱ ናት።

«አለቀ እንዴ?» አለች።

ጩኸቱን ከታች ሆና ሰምታለች። ጭሱንም አይታለች።

«ጋሼ ተክሌ፣ ይክፈቱት» አልኩ።

«አስካለ፣ አርጅታለች አልኩሽ እኮ። ለዛሬ አንድ ጊዜ ይበቃታል።»

«ለእሷ ይበቃታል፤ ለእነዚህስ? ውሃውን ያመጡት ሳያዩ ነው የሚዘጋው? ያን ለማድረግ ከሆነ ለምን ለፋን?»

መለኪያውን አዩ። ሴቶቹን አዩ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ውሃ ያዘላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። ሌላው ሰው ወደ ኋላ! ትልልቁም ሰው፣ ኦቦ ገመቹም ጭምር፣ ወደ ኋላ!»

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እንኳ ሳያወርዱ መንኮራኩሩ ፊት ተሰለፉ። ቫልቩ ተከፈተ። በዚህኛው መግፋት አላስፈለገም። ነፋሱ የአዴ ጫልቱን ሻሽ ሲያውለበልበው፣ እሷ አፏን በእጇ ይዛ ትስቅ ነበር ወይስ ታለቅስ ነበር፣ አልለየሁትም።

«ይብቃ?» ብለው ጮኹ ጋሼ ተክሌ፣ እጃቸውን ቫልቩ ላይ እንዳደረጉ።

«ገና!» አለች አዴ ጫልቱ።